የወለላ ንባብና የተሰበረው ቅል

ወለላን የምታውቋት ካላችሁ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ጨዋነቷን አትመኑ። ዛሬ ጎንደር ውስጥ ዓይነ ስውር ልጆችን ብሬል የምታስተምር የተከበረች መምህርት ናት። ነጭ በትሯን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ከታክሲ ስትወርድ ረዳቱ ሳይቀር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እኔ ግን የአሥር ዓመት ልጅ ሳለች ጀምሮ አውቃታለሁ። የመጀመሪያ ወንጀሏን የሠራችውም ከእኔ ጋር ነው።

በእሷ ክፍል ማጭበርበር አይሞከርም። ባለፈው ሰኞ ልጠይቃት ሄጄ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ሳዳምጥ፣ ልዕልት የምትባል የስምንት ዓመት ልጅ አንድ ገጽ ሙሉ ሳትደናቀፍ አወረደችው። ላጨበጭብ እጄን አንስቼ ነበር።

«ሸጋ ነው ልዕልት» አለች ወለላ። «አሁን ደግሞ እጅሽን ወረቀቱ ላይ አድርጊና አንብቢልን።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ለካስ ልጅቷ አገጯን በሁለት እጇ ተደግፋ ነበር የምታነበው!

«ቲቸር፣ እንዴት አወቅሽብኝ?»

«አልተሳሳትሽማ» አለቻት።

ይህን መልስ ከየት እንዳመጣችው የምናውቅ ሰዎች ጥቂት ነን። ከመካከላችን ወሬ መያዝ የማይችለው እኔ ነኝ።

ፋንታሁን እባላለሁ። የእንፍራንዝ ልጅ ነኝ፤ ዓይኔን በሦስት ዓመቴ ኩፍኝ ወሰደው። አሁን ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። ስለ እኛ ሲጻፍ የሚለቀስበትን ጽሑፍ አልወድም። ለጸሐፊዎቹ ዓይን የሌለው ልጅ ሁሉ ምስኪንና መልአክ ይመስላቸዋል። ወለላ ጋር አንድ ሳምንት ቢያድሩ ይህ ሐሳብ ይለቃቸው ነበር። ዓይን ባይኖራትም ዓይን አውጣ ነበረች።

የመጣችው ከመካነ ብርሃን በላይ ካለ ደጋ መንደር ነው። አጎቷ መሪጌታ አላምረው ከደብሩ አጠገብ ወንዶቹን ተማሪዎች ዳዊት ሲያስደግሙ፣ እሷ ከአጥሩ ውጭ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። ለእሷ አንድ ጊዜ መስማት ይበቃል። አንድ ቀን አንድ ጎረምሳ መካከል ላይ ሲሳሳት ከአጥሩ ውጭ ቀጭን ድምፅ አረመው። መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ቢወጡ የእህታቸው ልጅ ናት።

«ማን አስተማረሽ?»

«እርስዎ፣ የኔታ። ሳያውቁት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአጥሩ ውስጥ ተቀመጠች። አሥር ዓመት ሲሞላት ዳዊቱን ከዳር እስከ ዳር በቃሏ ይዛው ነበር። የመንደሩ ሰው «የመሪጌታ ቴፕ» ይላት ጀመር።

ኋላ ከወረዳ የመጣች አንዲት ሴት፣ ጎንደር ዓይነ ስውር ልጆች በጣት ማንበብ የሚማሩበት፣ አዳሪ ቤትም ያለው ትምህርት ቤት እንዳለ ተናገረች። እናቷ እማሆይ እንኳ ሳይሆኑ እንደ እማሆይ የሚፈሩት ወይዘሮ አባይነሽ አሻፈረኝ አሉ። ዓይን የሌላትን ልጅ ማን አገር ይልካል? ደግሞስ ጣት ሲያነብ ማን አየ? መሪጌታ ብዙ ከለመኗቸው በኋላ አንድ ውል ተዋዋሉ።

«አንድ ዓመት ስጭኝ» አሉ። «በዓመቱ እኔው ሄጄ አስነብባታለሁ። እውነት ማንበቧን ካረጋገጥሁ ትቀጥላለች። ካላነበበች በዚያው ይዣት እመለሳለሁ።»

ወለላ ይህን ውል ታውቀዋለች። እኔም ወደምማርበት ወደዚያ ግቢ ከገባች በኋላ የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መመለስ። አገሯ ሳለች ሮጣ አታውቅም። ገደል ነው፣ ተቀመጪ፤ ላም ትወጋሻለች፣ ተቀመጪ። እኛ ዘንድ ከባሕር ዛፍ ወደ ባሕር ዛፍ ገመድ ተወጥሮ፣ እጃችንን ገመዱ ላይ እያንሸራተትን እንሮጥ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ጊዜ ከእኔ ጋር ተላትማ ሁለት ጥርሴን አነቃነቀች፤ በሳቅ ሞተች እንጂ ይቅርታ እንኳ አላለችም።

ብሬል የሚያስተምሩን ጋሽ ቢሻው ራሳቸውም ዓይነ ስውር ናቸው። አንድ አሮጌ የገበጣ መጫወቻ አስቆርጠው ስድስት ጉድጓድ ብቻ አስቀርተዋል፤ በግራ ሦስት፣ በቀኝ ሦስት። የብሬል ፊደል ሁሉ ከእነዚህ ስድስት ነጥቦች ውስጥ ነው የሚወጣው። የተቆላ ባቄላ ይሰጡንና «የግራውን ሦስቱን ሙሉ፤ ል ማለት ነው» ይሉናል። እኛ እንሞላለን፤ በጣታችን እንዳስሳለን፤ እሳቸው ወደ ሌላው ልጅ ዞር ሲሉ ፊደሉን እንበላዋለን። በሁለተኛው ሳምንት ባቄላው ቀርቶ ጠጠር መጣ።

ወለላ ግን ከጠጠሩም ከወረቀቱም አልተስማማችም። «ሀ ሁ ሂ ሃ»ን እንደ ዜማ ነበር የምታወርደው፤ ብሬሉ ደግሞ ያንን ዜማ ሰባብሮ ነው የሚሰጣት። ል ለብቻው አንድ ምልክት ነው፤ ሉ ለማለት ከጎኑ ሌላ ምልክት ይከተላል፤ ሊ ለማለት ደግሞ ሌላ። ጣቷ ቸኩሎ ያልፈውና ተመልሶ ይፈልጋል። ዳዊትን በቃሏ የያዘች ልጅ «በሬ» የሚለውን ቃል ለማግኘት ከቁርስ እስከ እረፍት ፈጀባት። በመጨረሻ ወረቀቱን ገፋ አድርጋ፣

«ይሄ ንባብ ነው ወይስ ምስር መልቀም?» አለች።

በዚያው ሳምንት ከውሃ ቧንቧው አጠገብ ጠበቀችኝ። እኔ ከእሷ ሁለት ዓመት ቀድሜ የገባሁ ስለሆንኩ አንባቢ ነበርኩ። ሆዳምም ነበርኩ፤ ይህንንም አጣርታለች።

«ፋንታሁን፣ የነገውን ትምህርት ዛሬ አንብብልኝ።»

«ምን አገኛለሁ?»

«የእሑድ ዳቦዬን ግማሽ።»

ውሉ እንዲህ ተፈጸመ። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ከምግብ ቤቱ ጀርባ ቁጭ ብለን አንድ ጊዜ አነብላታለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ! በማግስቱ ጋሽ ቢሻው ሲጠሯት ጣቷን ወረቀቱ ላይ እያንሸራተተች፣ ነጠላ ሰረዙን ሳይቀር አሳምራ ታወርደዋለች። እንግዳ ሲመጣ ተነሥታ የምታነበው እሷ ሆነች። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጡ ሴትዮ ሰምተዋት አለቀሱ፤ አቅፈው ሳሟት። እኔ ከኋላ ሳቄን ልውጥ ስል ትን ብሎኝ በጉንፋን ስም አስወጡኝ።

እስከ የካቲት ድረስ ዳቦዬ አልተቋረጠም። በየካቲት አንድ ቀን ግን ትምህርት ሲያልቅ ጋሽ ቢሻው ወለላን አስቀሯት። እኔ ከበሩ ኋላ ቆሜ እጠብቃታለሁ።

«ወለላ፣ ዛሬ ያነበብሽው የቀበሮዋ ተረት ሸጋ ነበር» አሉ።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሽዬ።»

«የሰጠሁሽ ወረቀት ግን የማባዣ ሰንጠረዥ ነው።»

ወለላ ወረቀቱን መልሳ ስትዳስስ ተሰማኝ። 

«አንተም ና ውጣ፣ ፋንታሁን። ከበሩ ኋላ ስትተነፍስ በሬ የገባ መስሎኝ ነበር።»

ገባሁ። ሁለታችንም ጆሯችንን የምንቆነጠጥ መስሎን አንገታችንን ቀብረን ቆምን። ጋሽ ቢሻው ግን ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ሲባል አልሰማሽም?»

«እኔ አልረሳማ።»

«አትረሺም፤ ይህን አምናለሁ። ግን የምታውቂው ሁሉ ሰው አፍ ላይ ያለውን ነው። ይሄ ልጅ ሆዱን የታመመ ቀን አንቺ መሃይም ነሽ።»

ይህ አነጋገር ከዱላ ይልቅ ነው ያሳመማት። እየተነጫነጨች «ለየኔታ ይነግሩብኛል?» አለች።

«እኔ አልናገርም። ሰኔ ላይ ጣትሽ ይናገራል።»

በማግስቱ እኔን ወደ ፊት ወንበር አዛወሩኝ፤ ከምግብ ቤቱ ጀርባ የተገኘ ልጅም ሽንት ቤት እንደሚያጥብ ታወጀ። ዳቦዬ በዚያው ቀረ። እውነቱን ለመናገር እኔ ከእሷ በላይ አዘንኩ።

ወለላ የተማረችው በንዴት ነው። እረፍት ሰዓት እኛ ገመዱ ላይ ስንሮጥ እሷ ክፍል ቀርታ ትዳስሳለች። በስሌቱና በስታይለሱ፣ ማለትም በቀዳዳ ማስመሪያውና በመውጊያው፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየወጋች ትጽፋለች፤ ወረቀቱን ገልብጣ ከግራ ወደ ቀኝ ታነበዋለች፤ ስትሳሳት ራሷን በስም እየጠራች ትሳደባለች። ጣቷን ለመግራት ከወጥ ቤት እውነተኛ ምስር ለምና ለቀመች። በግንቦት መጨረሻ ማንበብ ቻለች። ቻለች ስላችሁ ግን አንድ መስመር ሙሉ ትንፋሽ ያስጨርሳታል፤ ትቆማለች፣ ትመለሳለች፣ ትንተባተባለች። ይህን ደግሞ በሰው ፊት ማድረግ ሞቷ ነው። የሁሉ ፈጣን የነበረች ልጅ እንዴት ትጎተት? ስለዚህ ወረቀቱ የምታውቀውን ነገር የሸተተላት እንደሆነ ጣቷን ትታ በቃሏ ትሮጣለች። ስንቴ መከርኳት! እሷ የእኔን ምክር የምትሰማ አይደለችም።

ሰኔ ላይ መሪጌታ አላምረው መጡ። በቅሏቸውን ደባርቅ ዘመድ ቤት ትተው በአውቶቡስ ነው የመጡት። ወለላን ግንባሯን ስመው፣ ምንም ሳይሏት፣ በቀጥታ ጋሽ ቢሻው ቢሮ ገብተው በሩን ዘጉ። ወለላ ወዲያው እኔን መስኮቱ ሥር ላከችኝ። የሰማሁት የስታይለሱን ድምፅ ብቻ ነው፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። መሪጌታ በሹክሹክታ ይናገራሉ፣ ጋሽ ቢሻው ይወጋሉ፣ መካከል ላይ ሁለቱም ይስቃሉ።

«እየጻፉ ነው» አልኳት።

«ምን?»

«አልሰማሁም። ይስቃሉ።»

«ዳዊት ከሆነ ድኛለሁ» አለች። ደግሞ ቆየት ብላ፣ «ዳዊት ላይ ግን ምን ያስቃል?» አለች። 

ከሰዓት በኋላ ሁላችንም ክፍል ተሰበሰብን። መሪጌታ ከፊት ተቀመጡ፤ መቋሚያቸው ሲሚንቶው ላይ ቋ ሲል ሁላችንም ጸጥ አልን። ጋሽ ቢሻው ወረቀቱን ወለላ እጅ ላይ አኖሩት።

«ደብዳቤ ነው» አሉ መሪጌታ። «ከእናትሽ። እሷ ተናገረች፣ እኔ በቀለም ጻፍሁ፣ መምህርሽ ወደ ነጥቡ ገለበጡት። አንብቢው።»

ወለላ ወረቀቱን ስትዳስስ ሰማሁ። አንድ ጊዜ ዳሰሰች፣ ከዚያ ድምፅዋን አነሣች።

«ለውድ ልጄ ለወለላ፤ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔ ከአንቺ ናፍቆት በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይክበር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ከብቱም ደህና ነው፤ ጎረቤቱም ደህና ነው...»

እንዴት አማረ! ደብዳቤ ሁሉ እንደዚህ ነው የሚጀምረው፤ የማንበብ ነገር ያልነካው ገበሬ ሳይቀር ይህን ያውቀዋል። እኔ ራሴ ‘አለፈች’ ብዬ ነበር።

መቋሚያው ቋ አለ።

«ቁሚ» አሉ መሪጌታ። «እህቴ እንዲህ አላለችም።»



«ሠላሳ ዓመት ልጅ ፊደል አስቆጥሬያለሁ» አሉ፤ ቁጣ አልነበረባቸውም። «ፊደሉን በቃሉ የያዘ ልጅ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ማንም አይደርስበትም። በስንደዶ መካከሉ ላይ ስጠቁምለት ግን የትኛው ፊደል እንደሆነ አያውቅም። አንቺንም ከመካከል ጀመርሁሽ። እናትሽን ሰላምታውን ከልክያት ነው። እንዴት ተናደደች መሰለሽ!»

 ከመካከላችን ማንም አልሳቀም፤ ሁላችንም ውሉን እናውቃለን። ነገ ጠዋት አውቶቡሱ ላይ እጇን ይዘው ሲያወጧት በሐሳቤ መጣብኝ።

«የኔታ» አለች ወለላ። ድምፅዋ ትንሽ ሆኗል። «እኔ ቀስ ብዬ ነው የማነብ። በጣም ቀስ ብዬ።»

«ምነው፣ እኔ መቼ ቸኮልሁ? በቅሎዬ ደባርቅ ናት፤ እሷም አልቸኮለች።»

ጣቷ ወረቀቱ ላይ ተመለሰ። አሁን ሲሄድ ይሰማል።

«ወ... ወለ... ወለላ። ቅ... ቅሉ... ቅሉን።»

ቆመች። የጠፋባት መሰለኝ። ኋላ እንደነገረችኝ አልጠፋባትም፤ ቀጥሎ ያለውን ጣቷ ደርሶበት ነው የቆመችው።

«የኔታ፣ ይሄንን መዝለል ይቻላል?»

«ማንበብ ነው እንጂ መምረጥ የለም።»

«ቅሉን... የሰ... የሰበርሽው... አንቺ ነሽ።»

አንድ ልጅ ሳቁ አመለጠው። ወለላ ቀጠለች፤ እያንዳንዱን ቃል ከጥርሷ ውስጥ እንደ ሥጋ እያወጣች።

«ድመ... ድመቷ ናት ብለሽ... ዋሸሽኝ። ድመቷን... ለአያ ምናለ ሰጠ... ሰጠኋት። አሁን... አይጥ... ጨረሰን።»

ክፍሉ ፈነዳ። ጋሽ ቢሻው ራሳቸው ጠረጴዛውን ይመቱ ነበር። ወለላ የእናቷን የወተት መናጫ ቅል ሰብራ በድመት ማሳበቧን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ለእኔ እንኳ። የምታስመስል ልጅ ብትሆን ስንት ያማረ ነገር ፈጥራ ትናገራለች፤ በገዛ አፏ በአደባባይ ወንጀሏን ግን አታወርድም። መሪጌታ ይህን አውቀው ነው የሸረቡላት።

«አላለቀም» አሉ ሳቁ ሲበርድ።

ጣቷ ወደ መጨረሻው መስመር ወረደ። እዚያ ላይ ከሁሉም ቦታ ይልቅ ዘገየች።

«ይህን... ራስሽ... ካነበብሽው... እዚያው ተማሪ። ካላ... ካላነበብሽውም... ነይ። አል... አልመታሽም።»

ከዚህ በኋላ የሳቀ የለም። ወለላ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ያዘችው፤ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። መሪጌታ አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ጉንፋን ይዞኛል አሉ፤ እኛ ግቢ ውስጥ እንግዲህ ጉንፋን ብዙ ነገር ነው።

«ዘጠኝ ቦታ ተሰናክላለች» አሉ። «እግዚአብሔር ይመስገን። ቀጥዪ።»

በማግስቱ ለብቻቸው ተመለሱ። ወለላ ገመዱ ላይ ስትሮጥ ዋለች፤ ከእኔ ጋር ተላትማ ከተነቃነቁት ጥርሶቼ አንዱን አወለቀችው።

መሪጌታ ሲሄዱ ግን የመልስ ደብዳቤ ሰጥታቸዋለች፤ ራሷ የወጋችው፣ አንድ ገጽ የማይሞላ። ከመካነ ብርሃን እስከ ደባርቅ ያንን ነጥብ ማንበብ የሚችል ሰው አልነበረም፤ መሪጌታም ጭምር። ወይዘሮ አባይነሽ በነጠላ ጠቅልለው ሰባት ወር አስቀመጡት። በጥምቀት ሰሞን ራሳቸው ጎንደር ድረስ ይዘውት መጡ። ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠን፣ እኔም ያመጡት ዳቦ ሸትቶኝ ከአጠገባቸው ሳልርቅ፣ ወረቀቱን አወጡና ለወለላ ሰጧት።

«በይ ምን ብለሽ እንደጻፍሽልኝ ንገሪኝ።»

ወለላ ጣቷን ነካ አደረገችና አወረደችው። «ለውድ እናቴ፤ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከአንቺ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ...»

«ውሸት ነው» አሉ ወይዘሮ አባይነሽ። «ወንድሜ ነግሮኛል፤ ስትፈጥኚ ትዋሻለሽ። አንተ ልጅ፣ አንተ አንብብልኝ።»

ወረቀቱ እጄ ላይ መጣ። ወለላ በአግዳሚው ሥር እግሬን ረግጣ በጆሮዬ «ሙሉ ዳቦ» አለችኝ። ሙሉ! ፈተናው ቀላል አልነበረም። ግን የእናቲቱ ትንፋሽ ከአጠገቤ ይሰማኝ ነበር፤ ሰባት ወር የጠበቀ ትንፋሽ። አነበብኩት።

«እምዬ፣ እንስራውንም የሰነጠቅሁት እኔ ነኝ። ድመቷን ከአያ ምናለ አስመልሻት። በጣም ናፍቀሽኛል። ግን አልመጣም።»

ወይዘሮ አባይነሽ ከሆዳቸው ሳቁ።

«ይቅር በለኝ ጌታዬ! እንስራውን እኔ ወንድሜ ነው ብዬ ስጠረጥር ኖርሁ።»

ወለላም ሳቀች። እናቷ ግን ወረቀቱን ከእጄ ወስደው መልሰው ጉልበቷ ላይ አኖሩላት፤ ጠጋም አሉ።

«አሁን አንቺው አንብቢልኝ» አሉ። «ቀስ ብለሽ። የቱ ጋ ምን እንዳለ እያሳየሽኝ።»

ወለላ የእናቷን ጣት ይዛ መጀመሪያው ነጥብ ላይ አስቀመጠችው። ከ«እምዬ» ጀመሩ። የምሳው ደወል ሲደወል ገና «ናፍቀሽኛል» ላይ ነበሩ።